በውልደት የተገኘው ሰርቨር

ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠርሁት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የሥራ መደቤ መጠሪያ እጅግ ረጅም ስለ ነበር በመታወቂያዬ ላይ ሊያልቅ አልቻለም፤ «የመረጃ ሥርዓት ልማትና አስተዳ» የሚል ሆኖ ቀረ። የጎደለውን በሥራዬ እሞላዋለሁ ብዬ አሰብሁ። በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ፈገግታ አስብ ነበር።

ዩኒየኑ ከጉና ተዳፋት ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን የገብስ፣ የስንዴና የድንች አምራች ማኅበራት ያቀፈ ነው። የየማኅበሩ አባላት ስም፣ ማን ማንን እንደ ወረሰ፣ ማን ምን ዓይነት ምርጥ ዘር እንደሚወስድ፣ ሁሉም ያለው በአንድ ሰርቨር ውስጥ ነበር፤ ማለትም በየቢሮው ያሉት ኮምፒውተሮች ለሚጠይቁት ሁሉ መልስ በሚሰጥ፣ መረጃውን ሁሉ በሆዱ ይዞ በሚቀመጥ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ። የእኛው ሰርቨር ቀድሞ የዘር ናሙና ይቀመጥበት በነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጸሐፊዋ የሠራችለትን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ይኖራል። የማራገቢያው ድምፅ ለእንግዳ ሰው የሩቅ ወፍጮ ይመስለዋል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሹን እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ግራ ጎኑን በመዳፍ መታ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀኝ ጎኑን መምታት ምንም እንደማይጠቅም የነገሩኝ የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው።

እኒህን ሰው ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ድረስ ሁሉም «መሪጌታ» እያለ ይጠራቸዋል። በወጣትነታቸው ዜማና ቅኔ የተማሩ ናቸው። በኋላ ግን በጉና ሥር በነበረ የመንግሥት በግ ማርቢያ ጣቢያ ንብረት ጠባቂ ሆነው ገቡ፤ ጣቢያው ሲዘጋም መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ዩኒየኑ መጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቁልፍ ይዘዋል። እኔ ስቀጠር የጡረታ ደብዳቤያቸው ደርሷቸው ነበር። ነገር ግን ንብረት ጠባቂ በስሙ ያለውን ንብረት ሁሉ ቆጥሮ ሳያስረክብ ክሊራንስ አይሰጠውም፤ ክሊራንስ ያልተሰጠውም ከሥራው ሊቀር አይችልም። አካፋውን፣ ሚዛኑን፣ ማዳበሪያውን፣ ወንበሩን ሁሉ አስረክበው ነበር። በስማቸው የቀረው አንድ ሰርቨር ብቻ ነው። ዩኒየኑ አዲስ ሊገዛ ስላሰበ አሮጌውን የሚረከብ ሰው ጠፍቷል።

መሪጌታ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ጉልበታቸው ከታመመ አራት ዓመት ሆኖታል። በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ እርሳቸው በመቋሚያ ተደግፈው ቆመው መዋል ከጀመሩ አራት ስቅለት አለፈ።

«ወንዛዬ ወርጄ አንድ ሱባዔ ፍል ውኃው ውስጥ ብቀመጥ ይለቀኛል» ይሉኝ ነበር። «የሐኪሙ ቅባት ሽታውን ነው የሰጠኝ። ዘንድሮ ስቅለትን ተንበርክኬ ልስገድ፣ ሌላ አልጠይቅም።»

«ታዲያ ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ለምን አይወጡም?» ብዬ በየዋህነት ጠየቅሁ።

«የዓመት ፈቃድ የሚሰጠው ለሠራተኛ ነው፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ። እንዳልቀር ደግሞ ክሊራንስ የለኝም» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። እንዲያውም ሥርዓቱ አንድም ቀዳዳ ሳይተው በመሠራቱ የረኩ ይመስሉ ነበር።

አዲሱ ሰርቨር በኅዳር ወር ከባሕር ዳር በሚኒባስ፣ ከመነኸሪያ ደግሞ በባጃጅ ተጭኖ ደረሰ። ቀጭን፣ ጥቁርና ድምፅ አልባ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን «ከኋላ ቀርነት ወደ ዘመናዊነት» የሚል ባነር አሠርተው እንግዶች ጠሩ። ከምረቃው በፊት ግን ወደ ጎን ወሰዱኝና በጭንቀት ጠየቁኝ፦

«ለምንድን ነው የማይጮኸው?»

«አዲስ ስለሆነ ነው።»

«እንግዶቹ መሥራቱን በምን ያውቃሉ?»

አሮጌው በአጠገቡ ስለሚጮኽ ማንም ልብ አይልም ብዬ አረጋጋኋቸው። እንዳልሁትም ሆነ። ከእንግዶቹ አንዱ ጆሮውን ወደ አዲሱ አቅርቦ «ጉልበት አለው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ከምረቃው በኋላ ለመሪጌታ ሥራውን አስረዳኋቸው። መረጃውን በሦስት ቀን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛውራለሁ፤ ከዚያ አሮጌው ይወገዳል፤ እርሳቸውም ከገና በፊት ወንዛዬ ናቸው።

«ርክክቡስ?» አሉ።

«የምን ርክክብ?»

«ከዚህ የሚወጣ፣ እዚያ የሚገባ ነገር አለ አይደለም? ቆጥሮ የሚያስረክብ፣ ቆጥሮ የሚረከብ፣ ቆሞ የሚታዘብ ያስፈልጋል። ሦስት ሰው።»

በሦስት ቀን ሊያልቅ የነበረው ሥራ በዚህ መንገድ ወደ ታኅሣሥ ገባ። የአንዱ ማኅበር መረጃ በአንድ ፎልደር የተቀመጠ ስለ ነበር ቆጠራው በፎልደር እንዲሆን ተስማማን። መሪጌታ አስረካቢ፣ እኔ ተረካቢ፣ የዘር ክፍሉ ሠራተኛ ታዛቢ ሆነን ተቀመጥን። እኔ ከአሮጌው ሰርቨር የማኅበሩን ስም አነባለሁ፤ መሪጌታ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ፤ ታዛቢው «አየሁ» ይላል። ቀጥሎ ያንኑ ከአዲሱ ላይ አነባለሁ፤ መሪጌታ በሰማያዊ ምልክት ያደርጋሉ፤ ታዛቢው እንደ ገና «አየሁ» ይላል። ሁለት ቀን ፈጀብን። በዚያም ሠላሳ ስድስት፣ በዚህም ሠላሳ ስድስት ሆነ። ለመፈረም እስክሪብቶዬን ሳወጣ መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ። አሮጌውን ክፈተውና ባዶ መሆኑን ልይ።»

«ባዶ አይደለም፣ መሪጌታ። መረጃው እዚያም አለ።»

«አላስረከብሁም እንዴ?»

«አስረክበዋል።»

«ታዲያ ያስረከብሁት እንዴት በእጄ ይቀራል? ልጄ፣ እኔ ለሰው በግ ሰጥቼ በጉ እበረቴ ሲያድር አይቼ አላውቅም።»

አንድ ነገር መግለጽ ነበረብኝ። መረጃ ወደ አዲስ ማሽን ከተዛወረ በኋላ አሮጌውን ቅጂ ቢያንስ ለአንድ ወር ማቆየት በሙያችን ግዴታ ነው፤ የተዘነጋ ነገር ካለ መመለሻው እርሱ ነውና። ወዲያው ደምስስ ማለት ወንዝ ሳይሻገሩ ድልድዩን አፍርስ እንደ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ስለ መረጃ ባሕርይ ብዙ አንብቤ ስለ ነበር፣ ያነበብሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል አቀረብሁላቸው። መሪጌታ ጨዋ ሰው ናቸውና እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ታዛቢው በመካከሉ እንቅልፍ ወሰደው። በመጨረሻ ይረታቸዋል ያልሁትን ጥያቄ አነሣሁ፦

«አንድ ጸሐፊ ከእናት መጽሐፍ ዳዊት ሲገለብጥ፣ ፊደሉ ከፊተኛው መጽሐፍ ይጠፋል?»

«አይጠፋም፤ ሁለት ዳዊት ይሆናል» አሉ ሳያመነቱ። «ሁለተኛው ግን በብራና፣ በቀለም፣ በጸሐፊ ወገብ የመጣ ነው። ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አለኝ። ያንተው ከየት መጣ? ኦዲተር ገብቶ ‹ሠላሳ ስድስት ነበራችሁ፣ ሰባ ሁለት ሆናችሁ፤ ትርፉ ከየት ተገኘ?› ቢለኝ ምን እላለሁ? የጎደለበት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ የተረፈበት ሰው ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም።»

ጉዳዩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ «ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ተስማሙ» የሚል የጽሑፍ መመሪያ ሰጡ።

አንድ ሳምንት ያህል ሰርቨሮቹ ጎን ለጎን፣ አንዱ እየጮኸ አንዱ ዝም ብሎ ተቀመጡ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት መሪጌታ ያንን የበግ ጣቢያ መዝገብ በብብታቸው ይዘው ገቡ። ጠርዙ በአይጥ የተበላ፣ የወይን ጠጅ መልክ ልባስ ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና በጣታቸው አንዱን ዓምድ ጠቆሙ።

«አንብብ።»

«‹በውልደት የተገኘ›» ብዬ አነበብሁ።

«ጣቢያው አርባ በግ አስረከበኝ። በዓመቱ ኦዲተር መጥቶ ቢቆጥር ስልሳ ሆነው አገኛቸው። ጠየቀኝ? አልጠየቀኝም። በግ ይወልዳል። መንግሥትም ይህን ያውቃል፤ ዓምድ አዘጋጅቶለታል።»

«ግን መሪጌታ፣ ሰርቨር እኮ…»

«ምን ሆነ ሰርቨር? አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ያው ነገር ከሆዱ ወጥቶ ያው በሆዱ ይቀራል ያልኸኝ? እንዲህ ያለውን ነገር እኛ መውለድ እንለዋለን።»

በሕይወቴ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ነገር ግን የመረጃ ቅጂን ምንነት እንደዚህ ባጭሩ ሲገለጽ ሰምቼ እንደማላውቅ በልቤ ተቀበልሁ። የንብረት ገቢ ማድረጊያው ሞዴል 19 ቀረበ፤ መሪጌታ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈት ሞሉት። የዕቃው ዓይነት፦ ፎልደር። መለኪያ፦ ፍሬ። ብዛት፦ ሠላሳ ስድስት። የተገኘበት ሁኔታ፦ በውልደት። ከማን ተረከበ፦ ከእናቱ። እኔም በተረካቢነት ስሜንና ያላለቀውን የሥራ መደቤን ጽፌ ፈረምሁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጣቢያው መመሪያ ተለጥፎ ነበር፤ መሪጌታ ቃል በቃል ያውቁታል። የወለደች በግ ግልገሏ ጡት እስኪጥል ድረስ አትሸጥም፣ አትወገድም፣ ከግልገሏም አትለይም፤ ጊዜውም ዘጠና ቀን ነው። ንብረቱ በዚያ መዝገብ ሥርዓት ገቢ ከሆነ የሚተዳደረውም በዚያው ሥርዓት ነው። እኔ አሮጌውን ቅጂ ለማቆየት ሠላሳ ቀን እለምን የነበርሁት ሰው፣ የበግ ሕግ ዘጠና ቀን ሰጠኝ። ደስታዬን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ዘጠናው ቀን በማን ጉልበት እንደሚከፈል የገባኝ በማግሥቱ ነው፤ መሪጌታ በደረጃው ላይ እያንዳንዱን እግር እያሳረፉ ሲወጡ ሳይ። ግልገሉ ጡት እስኪጥል ክሊራንስ የለም ማለት ነው።

«ለእርስዎ እኮ ረዘመ፣ መሪጌታ» አልኋቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። «ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት። መጋቢት መባቻ ላይ ጡት ትጥላለች። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ወንዛዬ እወርዳለሁ። ስቅለት ሚያዝያ ነው። ይበቃኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዩኒየኑ ውስጥ አሮጌው ሰርቨር «እናት»፣ አዲሱ «ግልገሏ» ተባለ። መብራት ሲሄድ ከየቢሮው «እናት ተነሣች?» የሚል ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ሙያዬን የሚያዋርድ መስሎ ስለ ታየኝ ማረም ሞክሬ ነበር። በጥር ወር «እናት ዛሬ ትንሽ ሞቃለች» የሚል ሪፖርት በገዛ እጄ ጻፍሁ።

በየካቲት መጨረሻ፣ ለዘጠናው ቀን ጥቂት ሲቀር፣ የጉና ድንች አምራቾች ለበልጉ ዘር ሊወስዱ መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የበግ ጠጉር ባና የደረቡ አንድ አዛውንት መጡ። ስማቸውን ጠይቄ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ፈለግሁ።

«አባ፣ ስምዎ የለም።»

«የለም?» አሉ። ራሳቸውን ከእግራቸው እስከ ደረታቸው አዩ። «እኔ ግን አለሁ። ከሁለታችን የተሳሳተው የትኛው ነው?»

«ማኅበርዎም የለም።»

«ማኅበሩም? አርባ ቤት ሰው ነው እኮ! ትናንት ማታ ሁሉም ነበሩ።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው፦ «እንደው ሞቷል ብሎ ከሆነ ንገረኝ፤ ሚስቴ ሳትሰማ ልመለስ።»

እንዲጠብቁኝ ለምኜ ወደ እናት ክፍል ሄድሁ። ከግማሽ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ያገኘሁት ነገር ፊቴን አጋለው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞላበት በማሽኑ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ጨምሮ ኖሯል። የዚያን የጉና ማኅበር ፎልደር ያስቀመጠው በሁለተኛው ላይ ነበር። እኔ ሁለተኛ ዲስክ መኖሩን እንኳ አላየሁም። የቆጠርነው እኔ ካሳየሁት ውስጥ ነበርና፣ በዚያም በዚህም ሠላሳ ስድስት መሆኑ አያስደንቅም። እናት ዘጠናው ቀን ሳይሞላ ተደምስሳ ቢሆን ኖሮ አርባ ቤት የጉና ሰው በእኔ ፊርማ ከዓለም ጠፍቶ ነበር።

አዛውንቱ ዘራቸውን ይዘው ሄዱ። «አገኘኸኝ እንግዲህ፤ ዳግም እንዳትጥለኝ» ብለው መረቁኝ።

የቀረነው እኔና ያ ፎልደር ነን። ሥርዓቱን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ስሕተቱን ለመሪጌታ ብናገር ሞዴሉ ይሰረዛል፣ አዲስ ውልደት ይመዘገባል፣ ዘጠናው ቀን እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል፣ ስቅለትም ያልፋል። ባልናገር ደግሞ ማንም አያውቅም። ስለ እውነት ብዙ ያነበበ ሰው ነበርሁ። በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ወጥቶ ሳለ፣ ፎልደሩን በዝምታ ወደ አዲሱ ሰርቨር ገለበጥሁ።

በመጋቢት መባቻ መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን አጥበው፣ ለወንዛዬ የሚሆን በሶአቸውን አስቋጥረው መጡ። ቋጠሮውን በር ላይ አኑረው ገቡ። ከመለያየታቸው በፊት እናትና ግልገል የመጨረሻ ቆጠራ ሊደረግላቸው ግድ ነው። እኔ ይህን ዘንግቼው ነበር። ታዛቢው ተቀመጠ፤ እኔ ከአዲሱ ሰርቨር አነበብሁ። ሠላሳ ስድስተኛውን አንብቤ ፊቴን ከስክሪኑ ለማንሣት ስሞክር፦

«አንድ ይቀርሃል» አሉ መሪጌታ።

«አለቀ እኮ።»

«ከታች አንድ ይታያል። ዓይኔ ደህና ነው፤ የታመመው ጉልበቴ ነው።»

አነበብሁት። ታዛቢው በልማዱ «አየሁ» አለ። መሪጌታ ቀዩንም ሰማያዊውንም እስክሪብቶ አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሁለተኛውን ዲስክ፣ አዛውንቱን፣ የምሳ ሰዓቱን።

«መንታ ነው» አሉ በመጨረሻ። ቁጣ የለበትም። «አንዳንዴ ሁለተኛው ዘግይቶ ይወጣል። ጉና ላይ በማግሥቱ የወጣ አይቻለሁ። ሰማንያ ቀን ቆይቶ የወጣ ግን የአንተው የመጀመሪያው ነው።» ባዶ ሞዴል 19 ከኪሳቸው አወጡ። «የተወለደበትን ቀን ንገረኝ።»

«መሪጌታ፣ ይተዉት! ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ።» በእስክሪብቶው ጫፍ ወደ ጣሪያው ጠቆሙ። «ታዛቢ አለን። ሦስት ሰው ሞልቷል።»

የዘር ክፍሉ ሠራተኛ እርሱን የጠሩት መስሎት «አቤት» አለ።

መንታው በራሱ ቀን ይቆጠርለታልና ጡት የሚጥለው በግንቦት መጨረሻ ሆነ። መሪጌታ ፈርመው ተነሡ፤ በር ላይ የበሶ ቋጠሯቸውን አንሥተው «ጾም ነው፤ እዚሁ ይበላል» ብለው ለጥበቃው ሰጡት። ሲወርዱ ደረጃውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በእግራቸው ሲቆጥሩት ሰማሁ።

በማግሥቱ ያንን የበግ መዝገብ ተዋስሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። በትምህርት ቤትም በዩኒቨርሲቲም ሳለሁ አንድን ጽሑፍ በዚያ ዓይነት ትጋት ያነበብሁ አይመስለኝም። የመመሪያውን ሃያ ሁለት አንቀጾች ከነማስታወሻቸው ሁለት ቀን ሙሉ ደጋገምሁ፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ቆምሁ። እናቱ የሞተችበት ግልገል፣ ይላል አንቀጹ፣ የጡት መጣያ ጊዜው ሳይጠበቅ እንደ ራሱ የቻለ ንብረት ለተረካቢ ይተላለፋል፤ የእናቲቱ ሞት በእንስሳት ሐኪም ይረጋገጣል፤ ቆዳዋም ከነቁጥር ምልክቷ ለንብረት ክፍል ገቢ ይሆናል።

መዝገቡን ዘግቼ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ። በእናት ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የሁለተኛውም ዲስክ ጭምር፣ በግልገሏ ዘንድ መኖሩን አንድ በአንድ አመሳከርሁ፤ ይህን ጊዜ ያመሳከርሁት ያየሁትን ብቻ አልነበረም። ከዚያ ዳንቴሉን አንሥቼ አጠፍሁት። ጎንበስ ብዬም ሶኬቷን ነቀልሁ።

ወፍጮው ቆመ። በሕንጻው ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ተሰምቶ ስለማያውቅ ከየቢሮው ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ቀድመው የደረሱት መሪጌታ ናቸው፤ ቢሯቸው በአጠገቡ ነው።

«ዝም አለች?» አሉ።

«ዝም አለች፣ መሪጌታ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ወደ ማሽኑ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ፤ ቀጥሎ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ገመድና ጫፉ ላይ ያለውን ሶኬት አዩ። ከግድግዳው ጋር በግልጽ ተለያይቷል።  ከዚያ በመቋሚያቸው ጫፍ ገመዱን በቀስታ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፉት።

«ሰው እንዳያደናቅፍ» አሉ።

ሌሎቹ ሲደርሱ ወደ ዘር ክፍሉ ሠራተኛ ዞረው «ሐኪሟን ጥራ፤ እናት ዝም ብላ ተገኝታለች» አሉ። ተገኝታለች ማለታቸውን ልብ አልሁ። ማን ምን እንዳደረገ አልተናገሩም፤ የተገኘውን ብቻ ተናገሩ።

የዩኒየኑ የእንስሳት ሐኪም ከገጠር ተመልሳ የጭቃ ቦቲዋን እንዳደረገች መጣች። የእኔው እኩያ ናት፤ በምላሷ ግን በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች።

«እስቲ ሟቿን አሳዩኝ» አለች። በመዳፏ ግራ ጎኗን መታ አደረገች። «በግራ ነው አይደል የምትነሣው? አልተነሣችም። ዕድሜ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

«በግ በዚህ ዕድሜ ቢሞት ሳይሆን ባይሞት ነው የሚያስጠይቀው። የሞት ምክንያት፦ እርጅና።» ከቅጹ ቀና ብላ አየችኝ። «ሥጋዋ ለምግብ ውሏል ወይ ይላል። ምን ልጻፍ?»

«አልዋለም።»

«እርግጠኛ ነህ? ፊትህ የበላ ሰው ፊት ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ መሪጌታ ግን ቅጹ እስኪያልቅ አልሳቁም። እርሷ ፈርማ ማኅተሟን ስታሳርፍ «ቆዳውን አምጣ» አሉኝ። ዊንጮቹን ፈትቼ፣ የንብረት ቁጥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈበትን የግራ ጎኗን ቆርቆሮ አውልቄ በሁለት እጄ አስረከብኋቸው። ገልብጠው ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። ቆዳውንም ሆነ የቀረውን፣ ማለትም የእናትን አጥንትና ግልገሏን ከነመንታዋ፣ እኔ በስሜ ፈርሜ ተረከብሁ። ሥራ አስኪያጁ ክሊራንሱን ሲፈርሙ «በመጨረሻ ተስማማችሁ፤ መመሪያዬ ሠራ» አሉ። መሪጌታ በማግሥቱ ጠዋት በሐሙሲት መኪና ወንዛዬ ወረዱ።

ያ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከዚያ ጣቢያ ከመጡት የደረቁ የበግ ቆዳዎች ጎን ተሰቅሎ ይገኛል። በስሜ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ሁለት የተሻለ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ክሊራንስ ግን አላገኘሁም።

በዚያ ዓመት ስቅለት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄድሁት ለስግደት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። መሪጌታን ፈለግሁ፤ ከዋርካው ሥር ካሉት አረጋውያን መካከል አጣኋቸው። ያገኘኋቸው ወደ ማብቂያው ላይ፣ ምእመናኑ ጀርባቸውን በወይራ ቅጠል እየተጠበጠቡ የስግደት ቁጥር በሚቀበሉበት ሰልፍ ውስጥ ነው። ተራቸው ሲደርስ ካህኑ ፊታቸውን አይተው አዘኑላቸው።

«ለአንቱስ ይቅርብዎ።»

«ቆጥረው ይስጡኝ፣ አባቴ።»

«እሺ። አሥራ ሁለት።»

በአጥሩ ጥግ ጋቢያቸውን መሬት ላይ ዘረጉ። መቋሚያውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ያዩኝ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ አንዱ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ታጠፈ፤ ግንባራቸው ጋቢውን ነካ። ለመነሣት ከመስገድ ይልቅ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ግን ተነሡ። እኔ ሳልታዘዝ በልቤ መቁጠር ጀመርሁ። በስምንተኛው ላይ እጃቸውን መሬት ላይ አኑረው አረፉ። በአሥረኛው ላይ ክንዳቸውን ልይዝ ስጠጋ በዓይናቸው መለሱኝ። ሲፈጽሙ ላባቸው በግንባራቸው ላይ ከአቧራው ጋር ጭቃ ሆኖ ነበር።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ እያለከለኩ።

«አሥራ ሁለት።»

«በእኔ ዘንድ አሥራ አንድ ነው።»

«አሥራ ሁለት ነው፣ መሪጌታ። ቆጥሬአለሁ። ይብቃዎት፤ ትርፍ ይሆንብዎታል።»

«ትርፍ ከሆነ» አሉና ጉልበታቸውን እንደ ገና አጠፉ፣ «በውልደት መዝግበው።»